በሙከራ አኒሜሽን ሥራና በማስተማር ለመኖር፦ ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ የተዘጋጀ መመሪያ

አኒሜሽን፣ ማለትም ተከታታይ ሥዕሎች በፍጥነት ሲታዩ የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉበት ፊልም፣ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሥራ ተከፋፍለው የሚያወጡት የትልልቅ ስቱዲዮዎች ፊልም፣ አለዚያም በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ማስታወቂያ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሌላ ዓይነት ሠራተኛ፣ የሙከራ አኒሜሽን ሠሪውን ነው፤ ሐሳቡንም፣ ሥዕሉንም፣ ካሜራውንም፣ አርትዖቱንም በአብዛኛው ብቻውን የሚይዝ፣ ደንበኛ ያላዘዘውን አጭር ፊልም የሚሠራ፣ አሸዋ ወይም ከሰል ወይም ቀለም በካሜራ ፊት ምን ሊሆን እንደሚችል የሚፈትሽ ባለሙያ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፊልም ሠሪውን በቀጥታ የሚያበላው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ በዚህ መስክ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ብዙዎቹ አስተማሪዎችም ነበሩ።

ስኮትላንዳዊው ኖርማን ማክላረን (1914–1987፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1941 ጀምሮ በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ እየሠራ፣ በ1949 በዩኔስኮ በኩል ወደ ቻይና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ሕንድ ሄዶ በቀላል መሣሪያ ማስተማሪያ ሥዕልና ፊልም እንዴት እንደሚዘጋጅ አሠልጥኗል። ከአፍሪካ የአኒሜሽን ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን (1942–2015) ደግሞ ካናዳ ሄዶ ከዚሁ ከማክላረን ዘንድ ተምሯል፤ በኋላም በኒያሜ ዩኒቨርሲቲ የሲኒማ ክፍልን ለረጅም ጊዜ መርቷል። ሁለቱም ማስተማርን ከፊልሙ ተለይቶ የቆመ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አድርገው አልያዙትም፤ የሚያስተምሩት በጠረጴዛቸው ላይ የሚሠሩትን ነበር።

በእኔ አመለካከት የዚህ ሙያ ትልቁ ውሳኔ የፊልሙ ታሪክ ሳይሆን የአሠራር ዘዴው ነው። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ታሪክ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ያንን ታሪክ ለመሥራት ስንት ሰውና ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ያሰላሉ፣ በመጨረሻም ገንዘቡ እስኪገኝ ዓመታት ይጠብቃሉ። መንገዱን ገልብጦ መጀመር ይሻላል፤ አንድ ሰው ባለው ክፍል፣ ባለው ካሜራና ባለው ትርፍ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ሊያደርሰው የሚችለውን ዘዴ አስቀድሞ ይምረጥ፣ ታሪኩንም ያ ዘዴ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ይቁረጥ።

ዘዴውን መምረጥ

አሜሪካዊቷ ካሮላይን ሊፍ ሃርቫርድ ተማሪ ሳለች በአኒሜሽን ክፍል ውስጥ ሥዕል መሣሉ እንደሌሎቹ ስላልሆነላት፣ ከሥሩ ብርሃን በሚበራበት መስታወት ላይ አሸዋ በትና ቅርጹን በጣቷ እየገፋች መሥራት ጀመረች። ከ1972 ጀምሮ በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በሠራችባቸው ዓመታት ከአሸዋ ወደ ቶሎ የማይደርቅ ቀለም በመስታወት ላይ፣ ከዚያም የፊልሙን ጥብጣብ ገጽ ራሱን በሹል ነገር ወደ መቧጨር ተሸጋገረች፤ በኋላም በአሜሪካና በእንግሊዝ አስተማረች። ልብ ሊባል የሚገባው ሦስቱም ዘዴዎች ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ጥንድ እጅ የማያልፉ መሆናቸው ነው።

ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ አዲስ አበባ ተወልዶ በኒውዮርክ ብሩክሊን የሚሠራው ዕዝራ ውቤ ነው። በ2011 ያወጣው «ሂሳብ» የተሰኘ አጭር ሥራ አህያ፣ ውሻና ፍየል በታክሲ የተሳፈሩበትን፣ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን ጨዋታ መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ የተሠራውም በአንድ ሸራ ላይ ነው። ሠዓሊው አንድ ሥዕል ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ላይ ደርቦ ቀጣዩን ይሥላል። በመጨረሻ የሚቀረው በቀለም የወፈረ አንድ ሸራና የፎቶዎቹ ተከታታይ ብቻ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዊልያም ኬንትሪጅም ከ1989 ጀምሮ በከሰል ሥሎ፣ አጥፍቶ፣ በዚያው ወረቀት ላይ መልሶ በመሣል ይታወቃል፤ ያልጠፋው የከሰል ጥላ በራሱ የፊልሙ አካል ይሆናል።

እርስዎም ዘዴ ሲመርጡ ቁሱ ያለ ልመና ከአቅራቢያ ገበያ ይገኝ እንደሆነ፣ ሥራው ለሦስት ቀን ቢቋረጥ ካቆመበት መቀጠል ይችል እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሃያ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊታይ የሚችል መሆኑን ይመርምሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ለማሳየት የማይመች ዘዴ የያዘ ሰው በክፍል ውስጥ አንድ ሙያ፣ በቤቱ ሌላ ሙያ ይዞ ሁለት ጊዜ ይደክማል። ቁሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጤፍና ምስር በመስታወት ላይ እጅግ ያማረ ጥላ እንደሚሰጡ እሙን ነው፤ ሆኖም እህል መጫወቻ ሲሆን የሚከፋው ወላጅ ወይም የትምህርት ቤት ዘበኛ ስለማይጠፋ፣ ከልጆች ጋር ሲሠሩ አሸዋ ወይም የደረቀ የቡና አተላ ቢሆን ይመረጣል።

የአሸዋ ጠረጴዛ አዘገጃጀት

ዘዴዎቹን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ መዘርዘር ስለማይቻል ርካሹንና ለማስተማርም ምቹ የሆነውን አሸዋን በቅርብ እንመልከት። አንድ አናጢ ባለ አራት እግር ፍሬም ይሠራልዎታል፤ ከላዩ ጠርዙ የተሞረደ፣ ወደ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም መስታወት ይቀመጣል። ከመስታወቱ ሥር ነጭ ስስ ወረቀት ወይም ወተት መሰል ፕላስቲክ ይለጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ ከሥሩ የሚበራው አምፖል ክብ ብርሃን በሥዕሉ መካከል ጎልቶ ይወጣል። አምፖሉን በጣም አያቅርቡት፤ ራቅ ባለ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ እኩል ይዘረጋል።

አሸዋው የወንዝ አሸዋ ቢሆን ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በዱቄት ወንፊት ሁለት ጊዜ ይነፋ። እርጥበት የያዘ አሸዋ ይጓጉላል፤ በጣም የላመው ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቅና የብርሃኑን ጠርዝ ያደበዝዛል። አሸዋው የወፈረበት ጥቁር፣ የሳሳበት ግራጫ፣ የተጠረገበት ነጭ ይሆናል፤ ሙሉው የቀለም ሰሌዳ ይኸው ነው። ለጠርዝ የአሮጌ የስልክ ካርድ ጥግ፣ ለስላሳ ጥላ ደረቅ ብሩሽ፣ ለዓይንና ለጣት ደግሞ የጥርስ እንጨት ይበቃል።

ካሜራው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲያይ በማይነቃነቅ ክንድ ላይ ይታሰር። ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ሥራ ካሜራው በራሱ እንዳይወስን ማድረግ ነው፦ ትኩረቱ፣ የብርሃን መጠኑ፣ የቀለም ሚዛኑና የመዝጊያው ፍጥነት ሁሉ በእጅ ተሞልተው ይቆለፉ። አንዱ እንኳ በአውቶማቲክ ከቀረ የተጠናቀቀው ፊልም ያለማቋረጥ ይርገበገባል፤ ይህንንም በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል አድካሚ ነው። የመስኮት ብርሃን በደመናና በሰዓት ስለሚለዋወጥ መጋረጃው ይዘጋ፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ይልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ በመስታወቱ ላይ ያንጸባርቃልና።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚሠራ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ችግሩ መብራቱ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ የኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለት የአምፖሉን ብርሃን በዓይን በማይታይ መጠን ስለሚለውጠው ካሜራው ይይዘዋል። ስለዚህ መብራት ቢኖርም ባይኖርም የኤልኢዲ መብራቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከተሞላ ባትሪ ላይ ቢያሠሩት ብርሃኑ ይረጋል። የካሜራውን ባትሪ መለወጥም ካሜራውን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል በገመድ የሚሠራውን ምትክ ባትሪ መግዛት ሊቆጠብ የማይገባ ወጪ ነው።

ፎቶው በእጅ አይነሣ፤ በገመድ ወይም በኮምፒውተር ይታዘዝ። ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙት ፕሮግራም ድራጎንፍሬም ሲሆን፣ በስልክ የሚጀምር ሰው ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የተባለው መተግበሪያ ይበቃዋል። ሁለቱም ያለፈውን ሥዕል በአዲሱ ላይ እንደ ጥላ ደርበው ያሳያሉ። በአሸዋ ሥራ ይህ የግድ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል የሚወለደው የቀደመው ሲፈርስ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የሚባል ነገር የለም።

ጊዜን ማስላት

የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ፍሬም ማቆየት የተለመደ ስለሆነ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። የአራት ደቂቃ ፊልም 2880 ሥዕል ነው። በቀን 60 ሥዕል የሚያወጣ ሰው አምስት ሰከንድ ሠራ ማለት ነው፤ በዚህ ስሌት አራት ደቂቃው 48 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከተሠራ ወደ ስድስት ወር ይጠጋል። የበዓል ሳምንቱን፣ የፈተና እርማቱን፣ ለቅሶውንና ሠርጉን፣ ተበላሽቶ ዳግም የሚሠራውን ትዕይንት ሲጨምሩበት አንድ ዓመት ይበሉት። ስሌቱ የሚያስፈራ ቢመስልም በተግባር የሚያጽናና ነው፤ የሁለት ቀን ሳምንት ያለው መምህር በዓመት አንድ ፊልም ማውጣት ይችላል ማለት ነውና።

ሁለቱ ቀናት ግን የተያያዙ ይሁኑ። ሰኞ ግማሽ ቀን፣ ሐሙስ ግማሽ ቀን ብሎ መቆራረጥ አይሠራም፤ መብራቱን አስተካክሎ፣ ያለፈውን እንቅስቃሴ አይቶ፣ እጅ እስኪሟሟቅ ብቻ ከሁለት ሰዓት የማያንስ ይሄዳል። የማስተማር ውል ሲፈራረሙ ከደመወዙ እኩል የሚከራከሩበት ጉዳይ ይህ የቀናት አደረጃጀት ሊሆን ይገባል።

ማስተማሩን እንዴት መያዝ

የማስተማር ሥራ የሚጀመረው በብዙው ከአጭር አውደ ጥናት ነው። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያሉ የባህል ተቋማት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውና በ1958 በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ስለ ሥዕልና ፊልም የሚያስቡ ሰዎች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ወደ እነዚህም ሆነ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲቀርቡ ይዘው የሚሄዱት ሦስት ገጽ የሥራ ልምድ ሳይሆን የሁለት ደቂቃ የሥራ ማሳያ፣ የአንድ ገጽ የትምህርት ዕቅድና ከተቻለ ቀደም ሲል ያስተማሯቸው ልጆች ሥራ ይሁን። የተማሪን ሥራ ለማሳየት ግን የተማሪውን ፈቃድ፣ ልጅ ከሆነ የወላጁን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በቋሚነት ማስተማር የሚፈልግ ሰው በዘርፉ የማስተርስ ዲግሪ በብዙ ቦታ እንደሚጠየቅ፣ በትርፍ ሰዓት መምህርነት ከገባም የሚከፈለው በኮርስ እንጂ በወር እንዳልሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሶፍትዌር አይጀመር። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ኮርሶች ግማሽ ወራቸውን የፕሮግራም ቁልፎችን በማስተዋወቅ ስለሚጨርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስልክ፣ ስልኩን የሚይዝ ነገርና አንዲት ባቄላ ብቻ ይስጡ። ባቄላዋ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ በ24 ፎቶ ትሻገር፤ መጀመሪያ እኩል እኩል እየተራመደች፣ ቀጥሎ ደግሞ ስትነሣ በጠባብ እርምጃ፣ መሐል ላይ በሰፊው፣ ልትቆም ስትል እንደገና በጠባቡ። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ተማሪ የመጀመሪያዋ የምትጎተት፣ ሁለተኛዋ ፈቅዳ የምትሄድ መሆኗን ማንም ሳይነግረው ይለያል። ከዚያ በኋላ «አሁን ባቄላዋ እንድትፈራ አድርጉ» ይበሏቸው፤ ዝም ብለው ይመልከቱ። አንዱ ቡድን ያስቆማታል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይመልሳታል፣ ሦስተኛው በቦታዋ ያንቀጠቅጣታል። የሙከራ አኒሜሽን ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚህ ወዲያ ያለው የመምህሩ ጥበብ ተማሪውን የራሱ ቅጂ አለማድረግ ነው። ቡዳፔስት ተወልዶ በሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለዓመታት የሠራው ጁልስ ኤንግል (1909–2003) በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበባት ተቋም የሙከራ አኒሜሽን ክፍልን መሥርቶ እስከ ዕድሜው ማምሻ ሲያስተምር፣ ከእጁ የወጡት ተማሪዎች ሥራ እርስ በርሱ አለመመሳሰሉ ይነገርለታል። በእኛ ዘንድ መምህር የሣለውን አስመስሎ መሣል እንደ ጥሩ ተማሪነት ስለሚቆጠር ይህ ቀላል አይደለም። አንዱ መፍትሔ የራስን ፊልም ለተማሪ የሚያሳዩት በኮርሱ መጨረሻ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አለማድረግ ነው።

መምህርነቱ ሥር ሲሰድ የስብሰባ፣ የኮሚቴ፣ የምዝገባ ሥራ ይከተላል። ሁሉንም እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሰውም ያስቀይማል። ነገር ግን ከፊልም ጋር የሚገናኘውን፣ ለምሳሌ የዕቃ ክፍሉን ወይም የተማሪ ፊልም ማሳያ ዝግጅቱን አስቀድሞ በፈቃድ የወሰደ ሰው ሌላውን ለመመለስ ምክንያት ይኖረዋል።

ገንዘብና መብት

የማስታወቂያ ወይም የድርጅት ትዕዛዝ መቀበል ነውር አይደለም፤ የኒውዚላንዱ ሌን ላይ በ1935 በፊልም ጥብጣብ ላይ በቀጥታ ቀለም ቀብቶ የሠራው ዝነኛ ሥራ ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የተሠራ ነበር። ቁም ነገሩ ውሉ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/2004 በውል ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር በትዕዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት አዛዡ ወይም አሠሪው ነው። ስለዚህ ለትዕዛዝ ሥራ ያወጡትን ዘዴ፣ ገጸ ባሕርይ ወይም ቁራጭ ምስል በራስዎ ፊልም ወይም በክፍል ውስጥ መጠቀም ከፈለጉ አንዲት አንቀጽ አስቀድማ ትግባ። የሚያስተምሩበት ተቋምም አሠሪ መሆኑን አይዘንጉ፤ በተቋሙ ክፍል፣ በተቋሙ ካሜራ፣ በሥራ ሰዓት የተሠራ ፊልም የማን እንደሆነ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በደብዳቤ ይጠየቅ።

ሙዚቃን በተመለከተ ለወዳጅ ክራር ደርዳሪ «አንድ ነገር ተጫወትልኝ» ብሎ በስልክ መቅዳት የተለመደ ነው። ፊልሙ ፌስቲቫል ሲገባ ግን የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ወዳጅዎ ውጭ አገር ሊሆን ወይም ሊቀየም ይችላል። ትንሽም ቢሆን ይክፈሉት፣ ያስፈርሙት።

ፊልሙን ማውጣት

ለአኒሜሽን ብቻ የተዘጋጁ ቀደምት ፌስቲቫሎች አሉ፦ የፈረንሳዩ አኔሲ ከ1960፣ የክሮኤሺያው ዛግሬብ ከ1972፣ የካናዳው ኦታዋ ከ1976 ጀምሮ የሚካሄዱ ናቸው። ብዙ ፌስቲቫሎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ፊልምፍሪዌይን በመሳሰሉ ድረ ገጾች ሲሆን፣ የመመዝገቢያ ክፍያው ሲደማመር ከፊልሙ ወጪ ሊበልጥ ይችላል። ከመክፈል በፊት አጭር፣ ጨዋ ደብዳቤ ጽፎ ክፍያው እንዲነሣ መጠየቅ ያዋጣል፤ የሚከፋው መልስ «አይሆንም» ነው። ፊልሙን ቸኩለው በዩቲዩብ አይልቀቁት፤ ቀድሞ በይፋ የታየ ፊልም የማይቀበሉ አሉና። ንግግር ካለው የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ ትርጉሙንም ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይመልከተው።

አራት ደቂቃ አሸዋ ለማየት አዳራሽ የሚመጣ ተመልካች በአገር ውስጥ ብዙ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ፊልሙን ብቻውን አያቅርቡት፤ ጠረጴዛውን ራሱን ይዘው ይሂዱና ከፊልሙ በኋላ በሰው ፊት ይሥሩ። ተመልካቹ እጁን አሸዋው ውስጥ ከከተተ በኋላ ፊልሙ እንዲደገምለት መጠየቁ አይቀርም፤ ቀጣዩን አውደ ጥናት የሚያስተናግደው ሰውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው።

ፎቶዎቹን በተመለከተ፦ ከተጠናቀቀው ፊልም ይልቅ ዋጋ ያላቸው 2880ዎቹ ምስሎች ናቸው። በየትዕይንቱ ቁጥር ሰጥተው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይያዙ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ከእነርሱ ጋር የብርሃኑን ርቀት፣ የካሜራውን ቁጥሮች፣ የትኛው ትዕይንት ለምን እንደተደገመ የጻፉበት ደብተር አብሮ ይኑር፤ ለተማሪ የሚሰጠውን ቀጣዩን የትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት የሚገልጡት እርሱን ነው።